ውሉ ሳያልቅ የሞባይል ዋጋ ሲጨመርብን መውጣት ይቻላል ወይ? ከእንግሊዝ አገር የቀረበ ጥያቄና የተሰጡት መልሶች

ይህን ክር (በኢንተርኔት መድረክ ላይ የሚካሄድ የጥያቄና መልስ ውይይት) የከፈትኩት በሜይ 2025 ነበር። (ወራቱንና ዓመታቱን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ከእኔ ጋር ለንደን የምትኖረው እናቴ ቀፎ የሌለበት፣ ሲም ብቻ የሆነ የ24 ወር የሞባይል ውል አላት። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ሱቁ ድረስ ወስጄ፣ ሻጩ የሚለውን እየተረጎምኩላት ያስፈረምኳት እኔው ነኝ። በወር 10 ፓውንድ እንደምትከፍል ነግሬያት ነበር። በኤፕሪል ወር ግን ከባንክ ሒሳቧ የወጣው 11 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ሆነ። እናቴ ወጪዋን ሁሉ በትንሽ ደብተር ስለምትመዘግብ ልዩነቱን ያየችው ከእኔ በፊት ነው። አልወቀሰችኝም፤ ነገር ግን በጣቷ ቁጥሩን እያሳየች ምክንያቱን ስትጠይቀኝ የምመልስላት አልነበረኝም። ስለዚህ ኩባንያው ውሉ ሳያልቅ ዋጋ መጨመር ይችል እንደሆነ፣ የሚችል ከሆነም ያለ መውጫ ክፍያ ውሉን አፍርሰን መውጣት እንችል እንደሆነ ጠየቅሁ። ክሩ ከተከፈተ ወራት አልፈዋል፣ መልሶቹም 19 ደርሰዋል፤ አዲስ የሚገቡ ሰዎች ያንኑ ጥያቄ ደግመው ስለሚያነሡ የተባለውን በቅደም ተከተል ልተርክላችሁ።

በቁጥር 1 የመለሱት በበርሚንግሃም የሚኖሩ ሰው ናቸው። በጣም በትሕትና፣ ለእናቴም ጤና ተመኝተው ጀመሩና፣ ከሁሉ በፊት የውሉን ማጠቃለያ እንድፈልግ መከሩኝ። ከጁን 2022 ጀምሮ ማንኛውም የስልክ ኩባንያ ደንበኛው ከመፈረሙ በፊት ዋጋውን፣ የውሉን ርዝመትና የማቋረጫ ሁኔታውን የያዘ አጭር ማጠቃለያ እንዲሰጥ ግዴታ እንዳለበት አስረዱ። መልሳቸውን የደመደሙት ግን ኦፍኮም የሚባለው የመገናኛ ተቆጣጣሪ ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ በውል መሃል ዋጋ መጨመርን ጨርሶ ስለከለከለ አቤቱታዬን በቀጥታ ለእሱ ማቅረብ እንደምችል በመግለጽ ነው። ይህ የመጨረሻው አባባላቸው ትክክል አልነበረም፤ በኋላ ታርሟል።

ማጠቃለያውን እኔው በከፈትኩላት ኢሜይል ውስጥ፣ ከተላከ ጀምሮ ሳይከፈት ቁጭ ብሎ አገኘሁት። በሁለተኛው ገጽ ላይ ዋጋው በየኤፕሪል 1 ፓውንድ ከ50 እንደሚጨምር በግልጽ ተጽፏል። ይህንኑ ሳልደብቅ በክሩ ላይ አሳወቅሁ።

ቁጥር 2 የተከተለው ያን ጊዜ ነው። ጸሐፊው ሰላምታም አላስቀደመም። ያላነበበ ሰው ማንንም ሊያማርር እንደማይገባ፣ እናቱን ይዞ ሱቅ የሄደ ልጅ ሁለት ገጽ ማንበብ ካቃተው ጥፋቱ የኩባንያው ሳይሆን የራሱ እንደሆነ ጻፈ። ቃሉ ጠንካራ ነበር። ቢከብደኝም ከእውነት የራቀ ነው ብዬ አልተከራከርኩም።

በቁጥር 3 አንዲት እህት ለእኔ ተከራከሩልኝ። ሱቅ ውስጥ ሕፃን ልጃቸው እያለቀሰ፣ ከኋላቸው ሰዎች ተሰልፈው፣ ሻጩ በትንሽ የመስታወት ሰሌዳ ላይ በጣታቸው እንዲፈርሙ እያቻኮላቸው ውል የገቡበትን ቀን ተረኩ። ማጠቃለያውም የደረሳቸው በዚያው ቅጽበት በስልካቸው በኩል ስለነበር ከፍቶ ለማንበብ ጊዜ አልነበራቸውም። ከዚህ ትረካ ቀጥለው ብዙዎቻችን የማናውቀውን ነገር ጨመሩ፦ ውሉ በኢንተርኔት ወይም በስልክ የተገባ ከሆነ ደንበኛው ሐሳቡን ቀይሮ የሚሰርዝበት 14 ቀን በሕግ አለው፤ ሱቅ ውስጥ ተገኝቶ ለፈረመ ሰው ግን ይህ መብት በሕግ አልተሰጠውም። ሰው ፊት ለፊት ተነጋግሮ መፈረም ይሻላል ብለን ሽማግሌዎቻችንን ወደ ሱቅ የምንወስድ ሰዎች፣ ሳናውቀው የተሻለውን ጥበቃ ትተን እንሄዳለን ማለት ነው። ይህ መልስ ከሁሉም ይልቅ አስደንግጦኛል።

ቁጥር 4 ረጅሙ መልስ ነው፤ የጻፉትም ለብዙ ዓመታት በስልክ ሱቅ የሠሩ ሰው ናቸው። በመጀመሪያ የቁጥር 1ን አባባል አረሙ። ኦፍኮም የከለከለው ጭማሪን ሳይሆን በግሽበት ላይ ወይም በመቶኛ ላይ የተመሠረተ ጭማሪን ነው። ውሳኔው በጁላይ 2024 ተነገረ፤ ከጃንዋሪ 17 ቀን 2025 ጀምሮ በሚገቡ ውሎች ላይ ተግባራዊ ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኩባንያ ዋጋ ሊጨምር ካሰበ ስንት ፓውንድ ከስንት ፔንስ እንደሚጨምርና መቼ እንደሚጨምር ሰውየው ሳይፈርም በፊት መንገር አለበት። ከዚያ ቀን በፊት የተፈረሙ ውሎች ግን በነበሩበት ይቀጥላሉ። ኦፍኮም የግለሰቦችን አቤቱታ አንድ በአንድ አይቶ እንደማይፈርድም አክለው ገለጹ።

ቀጥለውም ደንቡ ለምን እንደመጣ አስታወሱን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አብዛኞቹ ታላላቅ ኩባንያዎች በየዓመቱ የሸማቾች ዋጋ ግሽበትን ወስደው በላዩ 3.9 በመቶ ይጨምሩ ነበር። ግሽበቱ ዝቅተኛ በነበረበት ጊዜ ይህን ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነው። በዲሴምበር 2022 ግሽበቱ 10.5 በመቶ ሲሆን ግን በ2023 ጸደይ ጭማሪው 14.4 በመቶ ሆኖ አረፈ፤ ሌላውን የግሽበት መለኪያ የሚከተሉት ደግሞ እስከ 17.3 በመቶ ደረሱ። በወር 45 ፓውንድ እየከፈሉ ቀፎ ጭምር የወሰዱ አንድ የሱቁ ደንበኛ፣ ክፍያቸው ከ51 ፓውንድ በላይ ሲሆንባቸው ሱቁ ድረስ መጥተው፣ በፈረሙበት ቀን ማንም ሊያውቀው ያልቻለ ቁጥር እንዴት ፈቃዴ ተብሎ ይቆጠራል ብለው እንደጠየቋቸው ጻፉ። እሳቸውም የሚመልሱት አጥተው እንደነበር አልሸሸጉም። አዲሱ ደንብ ቢያንስ ይህን ጥያቄ መልሷል የሚል እምነት አላቸው።

በቁጥር 5 የመጡት በሊድስ የሒሳብ ሥራ የሚሠሩ እህት ግን ደንቡ ሁሉን ፈትቷል በሚለው አልተስማሙም። እኔ በግሌ የዚህ ክር ዋና ፍሬ ይህ ይመስለኛል። መቶኛ ለሁሉም እኩል ነው፤ ትንሽ የሚከፍል ትንሽ፣ ብዙ የሚከፍል ብዙ ይጨመርበታል። ቁርጥ ያለ ገንዘብ ግን እንደዚያ አይደለም። አንድ ፓውንድ ከ50 በ45 ፓውንድ ውል ላይ ከሦስት በመቶ ትንሽ ይበልጣል፤ በእናቴ የ10 ፓውንድ ውል ላይ ግን 15 በመቶ ነው። ሰው ሁሉ ጮኾበት የነበረው የ2023ቱ ጭማሪ እንኳ 14.4 በመቶ ነበር። እኚህ እህት በዚህ አላቆሙም፤ የእናቴን ውል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰሉልኝ። የፌብሩዋሪና የማርች ክፍያ 20 ፓውንድ፣ ከዚያ 12 ወር በ11 ፓውንድ ከ50 ሲሆን 138 ፓውንድ፣ ከኤፕሪል 2026 እስከ ጃንዋሪ 2027 ያለው 10 ወር በ13 ፓውንድ ሲሆን 130 ፓውንድ፤ በድምሩ 288 ፓውንድ ይሆናል። ሻጩ በቃል ሲነግረን፣ እኔም ለእናቴ ስተረጉምላት፣ ሁለታችን ያሰብነው 240 ፓውንድ ነበር። የ48 ፓውንድ ልዩነት ማለት በአሮጌው ዋጋ አምስት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ክፍያ ነው። በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ የሚፈርም ሰው በ24 ወር ውስጥ ሁለት ጭማሪ እንደሚያገኘው፣ የመጀመሪያውም ሳምንታት ሳይቆይ እንደሚመጣ ያስተዋልኩት ይህን ስሌት ሳይ ነው። አሁን ማንም ሰው ስለ ውል ሲጠይቀኝ የወር ዋጋውን ትቶ የ24 ወሩን ድምር እንዲጠይቅ እነግረዋለሁ።

ቁጥር 6 አንድ ፓውንድ ከ50 ለንደን ውስጥ አንድ ሲኒ ቡና እንኳ እንደማይገዛ፣ ለዚህ ሁሉ መጻጻፍ ጊዜ ያለው ሰው ሥራ ቢሠራ እንደሚሻለው ጻፈ። ቁጥር 7 ላይ በጡረታ የሚኖሩ አባት በቁጣ መለሱለት። የስልክ፣ የኢንተርኔት፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ እየተባለ በአንድ ሰሞን ሲጨምር፣ በወር መጨረሻ የሚጎድለው ቡና ሳይሆን ወደ አገር ቤት ለእህታቸው የሚልኩት ገንዘብ እንደሆነ አስታወቁ። ታናሹ እንዲህ ባለ ቃል ታላቁን ሊያናግር እንደማይገባም ገሠጹት። ቁጥር 6 ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። በቁጥር 8 የመድረኩ አስተባባሪ ሰዎች ከሰው ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ በጨዋነት አሳሰቡ።

ቁጥር 9 ሙሉ በሙሉ ተግባራዊ ስለሆነ ለአዲስ አንባቢ ቶሎ የሚጠቅመው ይህ ነው። ከራሳችሁ ስልክ የእንግሊዝኛውን ኢንፎ የሚል ቃል ወደ 85075 ብትልኩ፣ ኩባንያው አሁን ብትወጡ ስንት እንደምትከፍሉ በአጭር መልእክት እንዲመልስላችሁ ይገደዳል። ቁጥራችሁን ይዛችሁ ወደ ሌላ ኩባንያ ለመሄድ ፒ፣ ኤ፣ ሲ የሚሉትን ሦስት ፊደሎች ወደ 65075 መላክ ነው፤ የሚመጣው ኮድ ለ30 ቀን ይሠራል። ቁጥሩን የማይፈልግ ደግሞ ኤስ፣ ቲ፣ ኤ፣ ሲ ብሎ ወደ 75075 ይልካል። ጸሐፊዋ አጥብቀው ያስጠነቀቁት፣ አዲሱ ኩባንያ ቁጥሩን ሳይቀበል በፊት ማንም ሰው አሮጌውን ውል በራሱ እንዳይሰርዝ ነው። እሳቸው ይህን ስተው የ11 ዓመት ቁጥራቸውን አጥተዋል። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻቸው ሁሉ የሚያውቁት፣ ዋትስአፓቸውም ቴሌግራማቸውም የተከፈተው በዚያ ቁጥር ነበር።

እኔም ከእናቴ ስልክ ወደ 85075 ላክሁ። 20 ወር ያህል ስለሚቀራት የመውጫ ክፍያው ከ190 ፓውንድ በላይ እንደሆነ መልስ መጣ። ይህን ስጽፍ ነው ክሩ የጋለው።

ቁጥር 10 የባንኩን ዳይሬክት ዴቢት (በየወሩ ከሒሳብ በራሱ የሚወጣውን ክፍያ) ዝም ብሎ መሰረዝ ነው መፍትሔው፤ ለዚህች ገንዘብ ማንም ፍርድ ቤት አይሄድም ሲል መከረ። ቁጥር 11 እና ቁጥር 12 ተከታትለው ተቃወሙት፤ ሁለተኛው በተለይ መረር ባለ ቃል ነበር። ክፍያ ማቆም ውል ማፍረስ እንዳልሆነ፣ ዕዳው ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት እንደሚተላለፍ፣ አበዳሪዎች በሚያዩት የክሬዲት ታሪክ ላይ የሚመዘገበው ጉድለትም ለስድስት ዓመት እንደሚቆይ አስረዱ። የቁጥር 12 ጸሐፊ የተናገሩት ከራሳቸው ኑሮ ነው። ተማሪ ሳሉ ከ60 ፓውንድ የማይበልጥ የስልክ ዕዳ ትተው ቢሄዱ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ከባለቤታቸው ጋር ቤት ለመግዛት ብድር ሲጠይቁ ባንኩ ከልክሏቸዋል። እንዲህ ዓይነት ምክር ሰው ላይ ጉዳት ያደርሳልና ከክሩ ይሰረዝ ብለው ጠየቁ። አስተባባሪው አልሰረዙትም፤ እኔም ተቃውሞው ከሥሩ ስላለ መቅረቱን ደግፌዋለሁ።

ቁጥር 13 በአንድ ወር ውል ስለሚሸጡ ሲሞች ነው። ስማርቲን፣ ጊፍጋፍንና ለባራን የመሳሰሉት ወር በወር የሚታደስ ጥቅል ስላላቸው ዋጋው ባይስማማ ሰው በሚቀጥለው ወር መሄድ እንደሚችል ጽፈዋል። ከዚህ ተነሥቶ ወሬው ወደ ኢትዮጵያ ስለ መደወል ዞረ፤ በቁጥር 14 አንድ ሰው የለባራን የውጭ አገር ደቂቃ ከቴሌግራም ጥሪ ጋር ሲያወዳድሩ፣ አገር ቤት ሰው የአየር ሰዓትና ጥቅል እየገዛ ስለሚጠቀም የ24 ወር እስር የሚባል ነገር እንደማያውቅም አነሡ። ጥሩ ጨዋታ ነበር፤ ከጥያቄያችን ግን ወጥቷል።

በቁጥር 15 ከፍራንክፈርት የጻፉ ወንድም ስለ ጀርመን አወጉን። እዚያ የመጀመሪያው ውል ከ24 ወር እንደማይበልጥ፣ ከዚያ በኋላ ደንበኛው በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ መውጣት እንደሚችል፣ ኩባንያው በራሱ ፈቃድ ውሉን ሲቀይርም ያለ ክፍያ የመውጣት መብት እንዳለ ገለጹ። ቁጥር 16 ላይ የቁጥር 4 ጸሐፊ ተመልሰው፣ የአንዱን አገር ሕግ ይዞ ሌላ አገር መከራከር እንደማያዋጣ አሳሰቡ። የእንግሊዙን ደንብም በጥንቃቄ ለይተው አስቀመጡት። ጭማሪው መጀመሪያ በተፈረመው ውል ውስጥ በግልጽ ካለ ነጻ መውጫ የለም። ኩባንያው በኋላ ከተፈረመው በላይ ከጨመረ፣ ወይም ሌላ ደንበኛውን የሚጎዳ ለውጥ ካመጣ ግን፣ ቢያንስ የአንድ ወር ማስታወቂያ መስጠትና ያለ ቅጣት እንዲወጣ መፍቀድ አለበት። የእናቴ ጉዳይ በየትኛው በኩል እንደሚወድቅ ለመረዳት ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ቁጥር 17 ተስፋ ሰጪ ነበር። አንዲት እህት በ2024 ሻጩ በስልክ ዋጋው በውሉ ዘመን አይቀየርም ብሏቸው፣ ሲቀየርባቸው በጽሑፍ ቅሬታ አቀረቡ። የተደወለበትን ቀንና ሰዓት ጠቅሰው ቅጂው እንዲደመጥ ጠየቁ። ስምንት ሳምንት መልስ ሳያገኙ ሲቀሩ ጉዳዩን ለደንበኛ ያለ ክፍያ ወደሚዳኘው ገለልተኛ የቅሬታ ሰሚ አካል ወሰዱት፤ የተጨመረባቸውም ገንዘብ ተመለሰላቸው። በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ የስልክ ኩባንያ ከሁለቱ የቅሬታ ሰሚ አካላት የአንዱ አባል መሆን አለበት። የእሳቸው ጉዳይ የጸናው የቃል ተስፋው ተቀድቶ ስለነበር ነው። እኔና እናቴ ሱቅ ውስጥ ስለነበርን እንዲህ ያለ ማስረጃ የለንም።

ከዚያ ክሩ ለወራት ጸጥ ብሎ ቆየ። የተነሣው በኦክቶበር 2025 ነው። ኦቱ የተባለው ኩባንያ በውል ላይ አስቀድሞ የተገለጸው ዓመታዊ ጭማሪ 1 ፓውንድ ከ80 ሆኖ ሳለ፣ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ 2 ፓውንድ ከ50 እንደሚጨምር ለደንበኞቹ አስታወቀ። ኩባንያው ያለ ክፍያ የመውጫ 30 ቀን ስለሰጠ ደንቡን አልጣሰም፤ ኦፍኮም ግን ድርጊቱ ከደንቡ መንፈስ ጋር እንደሚጋጭ ተናገረ። በቁጥር 18 ይህን ዜና ያመጡት የበርሚንግሃሙ ሰው፣ ያ በመጀመሪያ ተሳስተው የታረሙት ናቸው። አሁን በፓውንድና በፔንስ የተጻፈ ቁጥር እንኳ ሊለወጥ ከቻለ፣ ደንቡ የሰጠን ግልጽነት ምን ያህል ሊታመን ይችላል ሲሉ በቁጭት ጠየቁ። እኔም ይህን ጥያቄ እጋራለሁ። አስቀድሞ ያወቅነው ዋጋ ደንበኛውን ብቻ እያሰረ ኩባንያውን የማያስር ከሆነ፣ ማወቃችን ግማሽ ጥበቃ ነው። ቁጥር 19 ደግሞ በዚያ 30 ቀን ውስጥ ለመውጣት ለሚያስቡ፣ የቀፎው ክፍያ ከአገልግሎቱ ተለይቶ የተፈረመ ከሆነ ነጻ መውጫው አገልግሎቱን ብቻ እንደሚመለከትና የቀፎው ቀሪ ዕዳ እንደሚከፈል አስታወሱ።

የእኛን ነገር ልንገራችሁ። ኩባንያውን ደውዬ ጭማሪውን እንዲያነሡላት ጠየቅሁ፤ ውሉ ላይ የተጻፈ ስለሆነ እንደማይነሣ በትሕትና መለሱልኝ። ከ190 ፓውንድ በላይ ከፍሎ መውጣት ደግሞ ከ48 ፓውንዱ ጭማሪ ይከፋል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው እንቆያለን። ኩባንያው ውሉ ከማለቁ በፊት ከ10 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማስታወቂያ መላክ ግዴታው ነው፤ ያ መልእክት ሲመጣ የሚያየው እኔ እንድሆን ኢሜይሏን በስልኬ ላይ ከፍቻለሁ። የራሴ ውል በኦገስት ሲያልቅ ወር በወር ወደሚታደስ ሲም ተዛውሬያለሁ። ከዚያም አንድ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብዬ ማጠቃለያውን ከላይ እስከ ታች በአማርኛ አነበብኩላት። በፌብሩዋሪ ማድረግ የነበረብኝ ይህን ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝና ደብተሯን አምጥታ፣ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ 13 ፓውንድ እንደሚሆን መዘገበች። ውሉ የሚያልቅበትን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፤ በደብተሩ ሽፋን ላይ ጥር 2019 ብላ በትልቁ ጻፈችው።